ቆሎ የለመደች በቅሎ

የእንግሊዝኛ መምህራችን ህንድ ናቸው። የሚያውቁት አማርኛ ሁለት ነው፤ «ዝም በሉ» እና «ሸጋ»። ሁለተኛውን ያስተማርናቸው እኛ ነን። ጥምቀት ሲቃረብ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ባለበት ቀን፣ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ጻፉ፤ ዋይልድ ትባላለች። ቀጥለው ጣቶቻቸውን እንደ ጥፍር አጥፈው አጉረመረሙ። ጅብ ይሁኑ ነብር አልለየንም፤ ብቻ ከፊት የተቀመጡት ልጆች ወደ ኋላ ሸሹ። «ዋይልድ!» አሉ። ከዚያ አበባ ሳሉ፤ ማንም ያልተከለው አበባ፣ እሱም ዋይልድ ነው። ጸጉራቸውን በሁለት እጃቸው በታተኑት፤ እሱም ዋይልድ ነው። በመጨረሻ ወንበራቸውን ገፍተው ዘለሉ፣ አጨበጨቡ፤ ሕዝብ በደስታ ሲያብድ እሱም ዋይልድ ነው አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ዝም በሉ!» አሉ፣ ራሳቸውም እየሳቁ።

የቤት ሥራው እንዲህ ነበር፤ ይህችን ቃል ይዘን ወደየቤታችን እንድንሄድ፣ እኛ ዘንድ የት የት እንደምትኖር ፈልገን ጽፈን እንድንመጣ። ሌሎቹ «በበዓል ደግሞ!» ብለው አጉተመተሙ። እኔ ግን መጻፍ ገና የጣፈጠኝ ሰሞን ነበር። ድሮ አንድ መስመር ጽፌ የብዕሬን ጫፍ ሳኝክ የምውል ልጅ፣ ከገና በፊት ስለ ጠዳ ገበያ ከጻፍኩት ሥር መምህሩ በተንጋደደ ፊደል፣ በአማርኛ፣ «ሸጋ» ብለው ጻፉልኝ። ከዚያ ወዲህ ማን ያስቆመኝ!

ቤታችን ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ወደ ወገራ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ስደርስ አባቴ ደጅ ተቀምጦ የኮርቻ ጠፍር ይሰፋል።

«አባባ፣ አውሬውም፣ የዱር አበባውም፣ ያልተገራች በቅሎም በእንግሊዝኛ አንድ ስም ነው ያላቸው።»

«አንድ?»

«አንድ።»

«ምነው? ቃል ቸገራቸው?» መርፌውን አቆመ። «እኛ እኮ ሳይዘሩት ለበቀለው ወፍ ዘራሽ እንላለን። ሰው ለሚበላው አውሬ። ላልታረሰው መሬት ጠፍ። ለልጅ ደግሞ…» ብሎ አየኝና፣ «ስድ!»

እናቴ ከውስጥ ሰምታ «ስዷንማ አጠገብህ አስቀምጠሃታል!» አለች።

እውነቱን ለመናገር ያችን ቃል ፍለጋ ዱር መውረድ አላስፈለገኝም። ጓሯችን ታስራ ነበር።

አባቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ በውርንጭላነቷ የገዛት ዳማ በቅሎ አለችን። ጆሮዋ ረጅም፣ ዓይኗ ጥርጣሬ የሞላበት፣ ጀርባዋ ከዝንብ በቀር ማንንም ተሸክሞ የማያውቅ። እንደዚያው ሆና ትኖር ነበር፤ ነገር ግን የታላቅ እህቴን ማጫ ለመነጋገር ሽማግሌዎች የተቀመጡ ዕለት አባቴን ጠላው ገፋውና፣ «ልጄ በሰው በቅሎ አትወጣም! በገዛ በቅሎዬ ነው የምትወጣው» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ሰሙ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። ሠርጉ ከጥምቀት ማግስት በኋላ፣ በዚያው በጥር ነው። በቅሎዋ ግን አባቴ የተናገረውን አልሰማችም።

እህቴን እቴ እያልኩ ነው የምጠራት። ያን ሰሞን በቅሎዋን ባየች ቁጥር ፊቷ ይለወጣል።

«እሷ ላይ ከምወጣ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል» አለችኝ አንድ ቀን ውኃ ስንቀዳ።

«ሙሽራ በእግሯ ስትሄድ የት አይተሽ?»

«እግሯ ተሰብሮ የሄደችስ የት አይተሽ?»

ሳቅን። ከዚያ እንስራዋን ሳትሸከም ቆም አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚያስፈራኝ መውደቁ አይደለም። አማቴ ኮስታራ ናቸው ይላሉ፤ ሲስቁ ያያቸው የለም አሉ። ደጃቸው ላይ ብወድቅ ዕድሜ ልኬን ወድቃ የመጣችዋ እባላለሁ። የሙሽራ ስም የሚወጣው በገባችበት ቀን ነው።»

እንስራዋን አሸከምኳት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያች በቅሎ የእኔ ጉዳይ ሆነች።

አባቴ መግራት ያውቃል። በቅሎዋን ወደ ለስላሳ እርሻ መሬት ያወርዳታል፤ እግሯ አፈር ውስጥ እየሰመጠ ቶሎ ይደክማታል፣ ከላይዋ የሚወድቅ ሰውም አይጎዳም። ከገና በፊት፣ በመጀመሪያ፣ አሸዋ የሞላ ጆንያ ጫነባት። ጆንያው ጎረቤት ማሳ ተገኘ። ደግሞ ጫነ፤ ደግሞ ተገኘ። ቆይቶ ተሸከመችው። ከዚያ ራሱ ወጣ። ሁለቴ ተፈናጠረችና አባቴ አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። ልብሱን እያራገፈ ተነሣ።

«ጣለችህ?» አልኩት።

«ምን ትጥለኛለች፤ ወርጄ ነው።»

በየቀኑ «እየወረደ» እየወጣ፣ ከኮርቻና ከልጓም ጋር አስታረቃት። የሙሽራ በቅሎ ግን ኮርቻ ብቻ አይበቃትም። ከበሮ አለ፣ ተኩስ አለ፣ ከሁሉም በላይ እልልታ አለ። እናቴ ለሙከራ አንዴ እልል ብትል በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ፣ የእሾሁን አጥር ዘላ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባች። ፍለጋ ስንዞር ዋልን። አባቴ ሲመለስ ድክም ብሎታል። ተኩሱንና ከበሮውን ለራሱ ያዘ፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ባዶ በርሜል ነበረንና እሱን በዱላ ይደበድብላት ጀመር። እልልታውን ለእኔ ሰጠኝ።

ፊቷ ቆሜ እልል አልኩ። ጆሮዋን አጣጥፋ ወደ ኋላ ሄደች። እንደገና እልል አልኩ። ልትረግጠኝ ዞረች። ተስፋ ቆርጬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬው ከነበረው የገብስ ቆሎ አፌን ሞላሁ። ይሄኔ በቅሎዋ አንገቷን አስረዘመች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እጄን ዘረጋሁላት፤ ጢሟ መዳፌን እያሳከከኝ ጠራርጋ በላች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ሌላስ? በሚል ዓይን። እልል አልኩ። ጆሮዋ አልታጠፈም። ሰጠኋት!

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ሆነ። እልል፣ አንድ እፍኝ ቆሎ። እልል፣ አንድ እፍኝ ቆሎ። እናቴ ብቻ አመረረች።

«ይህ ገብስ ለሠርጉ ብቅል የተቀመጠ ነው! ለበቅሎ ቆሎ የቆላ ማን አለ?»

«ተያት እባክሽ፣ ገብቷት ነው» አለ አባቴ።

«የሚገባትማ በሆዷ ነው!»

ለጥምቀት ሦስት አራት ቀን ሲቀር፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እልል ስል ካስማዋን ነቅላ፣ ገመዷን እየጎተተች ትመጣልኝ ነበር። አባቴ ደስ ብሎት ጭኑን መታ። «ተገራች!» እናቴ «ተመስገን» አለች። እቴ እንኳ ግንባሯን ዳሰሰቻት። በጥምቀት ዕለት ከተማው በሙሉ እልል ሲል በቅሎዋ ካስማዋ ላይ ስትወራጭ ዋለች አሉ፤ እኛም ከባሕረ ጥምቀቱ ስንመለስ «እሷም በዓሉ ደስ ብሏት ነው» አልን። አባቴ በቅሎ ያውቃል፣ እናቴ ሠርግ ታውቃለች፣ እኔ ቆሎ ይዣለሁ፤ ከሦስታችን አንዳችንም ነገሩን አላሰብንበትም።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሙሽራው ከሚዜዎቹና ከአጃቢዎቹ ጋር ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ ካለው መንደራቸው መጥቶ ዳሱ ሞላ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። የመውጫዋ ሰዓት ሲሆን አንደኛው ሚዜ ተከናንባ የተቀመጠችውን እቴን ተሸክሞ አወጣትና ኮርቻው ላይ አስቀመጣት። ከበሮው ደመቀ። ሚዜዎቹ ወደ ሰማይ ተኮሱ። በቅሎዋ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም! አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ጺሙን ጠረገ። ከእሱ ይልቅ የኮራሁት እኔ ነኝ።

ሚዜው ልጓሙን ይዞ ከደጅ አወጣት። ያኔ የእኛ ሴቶች በሙሉ፣ እናቴ ከፊት ሆና፣ ለስንብት እልልታውን አቀለጡት።

በቅሎዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ጆሮዋ ዞረ። ከዚያ ሚዜውን እየጎተተች፣ ሙሽራዋን እንደተሸከመች፣ ተመልሳ ግቢ ገባች። ከሴቶቹ መሐል ዘልቃ አክስቴ ነጠላ ውስጥ አፍንጫዋን ወሸቀች።

ሰው ሳቀ። ሚዜው አወጣት። ሴቶቹ እልል አሉ። ተመለሰች። የአሁኑ ሳቅ ቀነሰ። በሦስተኛው ማንም አልሳቀም። ሙሽራ ከደጅ ከወጣች ወደ ኋላ አትመለስም፤ ገድ የለውም ይባላል። ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ምነው? ልጅቷ አልሄድም ማለቷ ነው?» አሉ።

«ኧረ አያ፣ በቅሎዋ ናት!» አለ አባቴ።

«በቅሎ ያለ ነገር አትመለስም።»

እቴ ከክንብንቧ ሥር ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አባቴ ቀልቶ ነበር፤ አሁን ገርጥቷል። ለእኔ ግን ያኔ ፍንትው አለልኝ። በቅሎዋን እልልታ እንድትታገሥ አይደለም ያስተማርኳት። እልልታ ባለበት ቆሎ አለ ብዬ ነው ያስተማርኳት!

«ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩ፤ ልክ እንደ መምህሬ። «እባካችሁ እልል አትበሉ!»

«ምን ትላለች ይህች? ለቅሶ ነው እንዴ?» አለች አክስቴ። እውነቷን ነው፤ ሙሽራ በዝምታ አትሸኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ከቆሎው የተረፈውን ጠርጌ በነጠላዬ ቋጠርኩ። በሰው መሐል ተሽሎክልኬ፣ ሽማግሌዎቹን አልፌ፣ መንገዱ ላይ ወጣሁና ከሁሉም ፊት ቆሜ ባለኝ አቅም እልል አልኩ። የእኛ ሴቶች ገርሟቸው ዝም አሉ። በቅሎዋ ዞረች። ወደ እኔ መጣች። አንዲት ፍሬ አቀመስኳትና ወደ ፊት ሮጥ ብዬ ደግሜ እልል አልኩ። ተከተለችኝ።

«ጉድ!» አለ ሚዜው። «አንቺ ልጅ፣ በይ እንግዲህ ቅደሚ።»

«የት ድረስ?» አለች እናቴ።

«እቤቱ ድረስ ነዋ!»

«አንዷን ስንሰጣችሁ ሁለት ልትወስዱ!»

አባቴን አየሁት። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ ጀምሯል። «ሂጂ» አለኝ፤ «እልል እያልሽ ሂጂ።»

ሄድኩ። የሙሽራ ታናሽ እህት ከአማቾች ፊት ፊት እየሮጠች ስትሸኝ አገራችን አይታ አታውቅም፤ እኔ ግን እስከ ወገራ ዳገት አፋፍ ድረስ እንደዚያ ሄድኩ። ጥቂት እንደተጓዝን ጉሮሮዬ ደረቀ። ሚዜዎቹ አዘኑልኝና «እኛ እናግዝሽ» አሉ። ወንድ እልል ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንደኛው ጀመረ፤ አህያ የዋጠ ጅብ ይመስላል። በቅሎዋ ጆሮዋን አጥፋ ቆመች። መምህሬ ያን ድምፅ ቢሰሙ ሰሌዳው ላይ ይጽፉት ነበር።

«ተው አንተ!» አለ ሙሽራው ከራሱ በቅሎ ላይ ሆኖ። «ሚስቴን ገደል ልትከትብኝ ነው?»

ከባድ ማኪና ጡሩምባውን እየነፋ አጠገባችን ሲያልፍ በቅሎዋ ዞር ብላም አላየችው። መንገድ ዳር ግን ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ሙሽራ አይተው እልል ባሉ ቁጥር ወደ እነሱ ታቀናለች፤ እኔ ደግሞ ከእነሱ የበለጠ መጮህ አለብኝ። በመሐል እቴ አጠገብ ስደርስ ትከሻዋ አሁንም ይንቀጠቀጣል። «አታልቅሺ እቴ፣ ደረስን» አልኳት በሹክሹክታ።

«ማን አለቀሰ?» አለችኝ ከክንብንቡ ሥር። «ሳቄን አፍኜ ሞትኩልሽ! ደግሞ ከገባሁ በኋላ ብስቅ ጉዴ ነው፤ አታስቂኝ!»

ያን ስሰማ ጉሮሮዬ እንደገና ተከፈተ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መንደራቸው ታየ። ቆሎዬ ግን አልቋል። ነጠላዬን አራግፌ አሳየኋት፤ በቅሎዋ አላመነችኝም። አሸተተች፣ አኮረፈች፣ ቆመች። ከደጁ በአንድ ወንጭፍ ውርወራ ርቀት ላይ ቆመች! ሚዜው ጎተተ፣ አልሄደችም። እልል አልኩ፤ ያለ ቆሎ አልታለልም አለች። ሽማግሌው መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። እቴ ሳቋን አቁማለች። የፈራችው ደጅ ይኸው ፊት ለፊቷ ነው።

ያኔ ግቢው ተከፈተና የሙሽራው እናት ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድባቸው የተጋጠመ፤ እንደተባሉትም ኮስታራ። እጃቸው ላይ እንግዳ የሚቀበሉበት ቆሎ በሰፌድ ይዘዋል። ከኋላቸው የመንደሩ ሴቶች ተሰልፈዋል። እልልታው ከወዲያ ተነሣ።

በቅሎዋ ጆሮዋን አቆመች። እንግዲህ ጎታችም ነጂም አላስፈለጋትም፤ ሚዜው ልጓሙን ለቅቆ ከኋላዋ ሮጠ። ሶምሶማ እየረገጠች፣ ኮርቻዋን ሳታነቃንቅ፣ ሰውን ሁሉ አልፋ፣ በቀጥታ አማትየው ፊት ደርሳ ቆመች። ራሷን ዝቅ አደረገች። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ፤ እንደፈራሁትም አፍንጫዋን ሰፌዱ ውስጥ ከተተች።

መንደሩ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አማትየው በቅሎዋን አዩ። ከዚያ በቅሎዋ ላይ ያለችውን አዩ።

«ሰገደችልኝ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ቤቷን አውቃ መጣች! ሳይጎትቷት፣ በገዛ እግሯ!»

«እውነት ነው!» አሉ ሽማግሌው መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው። «እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ገድ አላየሁም። ከእናቷ ቤት መውጣት አልወድ ብላ ሦስት ጊዜ የተመለሰችው እኮ የእናት ፍቅር ነው! እዚህ ደግሞ እየሮጠች ገባች!»

«ትብላ! እንግዳ ናት፣ ትብላ!» አሉ አማትየው፤ ሰፌዱንም ለበቅሎዋ ይበልጥ ዝቅ አደረጉላት። ከዚያ ያ ሲስቅ ታይቶ አይታወቅም የተባለው ፊት ሳቀ። ሰዉ በደስታ አበደ፤ ከበሮው፣ ጭፈራው፣ ተኩሱ ተደበላለቀ። መምህሬ ወንበራቸውን ገፍተው የዘለሉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እቴ ሚዜው ሲያወርዳት በአጠገቤ አለፈችና፣ በክንብንቡ ቀዳዳ አንድ ዓይኗን አየሁ። ጠቀሰችኝ።

የቆሎውን ነገር ለማንም አልተናገርንም። እነሆ አሁን ጻፍኩት።

ትምህርት ሲከፈት የጻፍኩትን ይዤ ሄድኩ። ውስጡ ወንዙ ዳር ያለው ቀጋ አለበት፣ የእናቴ ጓሮ ወፍ ዘራሽ አለበት፣ የሚዜው እልልታ አለበት፣ በቅሎዋም አለች። መምህራችን እስከ መጨረሻው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። በቅሎዋ ታዲያ አሁን ተገርታለች ወይስ ዋይልድ ናት? ብለው ጠየቁኝ። እንግሊዝኛው አልበቃኝም፤ በአማርኛ «ሰፌዱን ይዘው ይጠይቋት» አልኩ። የክፍል አለቃችን ሊተረጉም ተነሥቶ በሳቅ ተቀመጠ።

ሰኔ ላይ ከወገራ ለገበያ የመጡ ሴቶች የእቴን ወሬ ይዘውልን መጡ። ደህና ናት፤ ነፍሰ ጡርም ናት። አማትየው እንደ ዓይናቸው ብሌን ይዘዋታል። እዚያው ከእቴ ጋር የቀረችውን በቅሎማ የሚያስራት የለም፤ ለግጦሽ ትለቀቅና በምሽት አማትየው ደጃቸው ላይ ቆመው እልል ሲሉ ከተራራው እየሮጠች ትመጣለች፤ ቆሎዋንም ትበላለች። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ «ማን ወለደ? ማን ወለደ?» እያለ ይመጣ ነበር አሉ። አሁን ግን ለምዶ ቀርቷል።

እናቴ ይህን ስትሰማ ደረቷን መታች። «እንግዲያ የኔ ልጅ ስትወልድ እልል ቢሉ ማን ሊመጣ ነው? ሰዉ በቅሎ ጠሩ ብሎ ይቀራል እኮ!»

አባቴ ከጠፍሩ ቀና አላለም።

«በቅሎዋ ትመጣለች» አለ።